የልጆችን ስፖርት በኪሎ ለምትለኩ

ለልጆች የክብደት መቀነሻ ስፖርት ለምታዘጋጁ የጂም ባለቤቶች፣ አሰልጣኞችና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፤

ሥራችሁ አስፈላጊ መሆኑን አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በ2022 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆነ ልጆችና ወጣቶች ውስጥ ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር፤ ከእነሱ መካከል 160 ሚሊዮኑ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። ቅሬታዬ የልፋታችሁን ውጤት በምትለኩበት መንገድ ላይ ነው። ልጁ በየሳምንቱ ጫማውን አውልቆ ጓደኞቹ ፊት ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ኪሎው ካልወረደ «አልሠራህም» ይባላል። ይህ አሠራር ልጁን ማሸማቀቁ ሳያንስ ስፖርቱ ያመጣለትን ለውጥ ከዓይናችሁ ይሰውራል።

በአሜሪካ ፒትስበርግ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 45 ወፍራም ወንድ ጎረምሶችን ለሦስት ወር ተከታትሏል። ምግብ እንዲቀንሱ አልተደረገም፤ አንዳንዶቹ በሳምንት ሦስት ቀን የሩጫ ዓይነት ስፖርት፣ ሌሎቹ ክብደት ማንሳት ሠሩ፣ የቀሩት ምንም አልሠሩም። ያልሠሩት ኪሎ ጨመሩ፤ የሠሩት ግን አልጨመሩም፤ በሆዳቸው ውስጥና በጉበታቸው ላይ የተጠራቀመው ስብም ቀነሰ። ክብደት ባነሱት ላይ ደግሞ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን የሚጠቀምበት ሁኔታ ተሻሻለ። በእናንተ ሚዛን ቢዳኙ ስፖርት የሠሩት ልጆች «ያልተሳካላቸው» በተባሉ ነበር። በዚያ ላይ ልጅ ያድጋል። 140 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 50 ኪሎ ክብደት ያለው ልጅ ኪሎው ሳይነቃነቅ 6 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲሰላ የሚገኘው ቁጥር (BMI) ከ25.5 ወደ 23.5 ይወርዳል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ በመዝገባችሁ ላይ ግን ዜሮ ተብሎ ይጻፋል።

«ወላጅ የሚከፍለን ኪሎ እንድንቀንስለት ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ያንን ተስፋ የሰጠው ማስታወቂያችሁ ነው። የቤቱ አመጋገብ ሳይስተካከል ስፖርት ብቻውን የሚቀንሰው ኪሎ ጥቂት እንደሆነ ለወላጅ በምዝገባው ቀን መንገር ይቻላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ቤተሰብን፣ አመጋገብንና እንቅስቃሴን አንድ ላይ ይዞ፣ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት በአካል የሚሰጥ ክትትልን ይመክራል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ችግር ለጀመረው ልጅ ክብደት መቀነስ ራሱ ሕክምና ነው የሚለውን መከራከሪያ እቀበላለሁ። ይሁንና ያ ልጅ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል፤ ጓደኞቹ ፊት መመዘኑ ለሕክምናው አንዳች አይጨምርለትም። የተሸማቀቀ ልጅ መምጣቱን ሲተው ደግሞ ያገኘውንም ጥቅም ያጣል።

ስለዚህ ልጁ ሳያቆም ስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ፣ ስንት ጊዜ ፑሽ አፕ እንደሚሠራ፣ የወገቡ ዙሪያ ምን ያህል እንደሆነ በየወሩ መዝግባችሁ ለወላጅ አሳዩ። ሚዛኑን ወደ ዝግ ክፍል አስገቡት፤ አጠገቡም የቁመት መለኪያ አቁሙ።

ከአክብሮት ጋር