ቤተርቢየቭ የማን ሻምፒዮን ነው? ከኸሳቭዩርት እስከ ሪያድ፣ ከማካችካላ እስከ ጋምቤላ

ጋምቤላና ሪያድ የሚቆጥሩት አንድ ሰዓት ነው። የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አርቱር ቤተርቢየቭና ዲሚትሪ ቢቮል ሪያድ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገናኙ፣ ጋምቤላ ውስጥ አንድ ስልክ ላይ ተደራርበው ያመሹ ልጆችም ውጤቱን የሰሙት እንደ ሪያዶቹ ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በማግስቱ ሻይ ቤት ወሬው ይኸው ነበር። አንዱ «ሙስሊሙ በዳኛ ተበላ» ይላል። ሌላው «ሩሲያዊ ሩሲያዊን አሸነፈ፤ እኛ ምን አገባን?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው የኑዌር ልጅ ነው፤ ብርጭቆውን እያሽከረከረ ሲሰማ ቆየና «ቆይ፣ ሰውዬው ግን የማን ነው?» አለ። ሩሲያ ተወለደ፣ ካናዳ ይኖራል፣ ሳዑዲ ውስጥ ይፋለማል፣ በዘሩ ቼቼን ነው።

ልጁ የጠየቀው ለቀልድ አልነበረም። እሱ ራሱ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር «ከየት አገር ነው የመጣኸው?» የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው።

መጀመሪያ ስለ ውጤቱ፤ ምክንያቱም «በዳኛ ተበላ» የሚለው ልክ አይመስለኝም። ሁለቱ ቦክሰኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት እ.ኤ.አ ኦክቶበር 12 ቀን 2024 እዚያው ሪያድ ነበር። አንዱ ዳኛ 114 ለ 114 እኩል ሲሰጥ፣ ሌሎቹ ሁለቱ 115 ለ 113 እና 116 ለ 112 ብለው ድሉን ለቤተርቢየቭ ሰጡ። ያን ሌሊት የቀላል ከባድ ሚዛን አራቱም ቀበቶዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ዋሉ። በሁለተኛው ፍልሚያ ዳኞቹ ሌሎች ነበሩ፣ የሰጡት ነጥብ ግን ያው ነው፤ 114 ለ 114፣ 115 ለ 113፣ 116 ለ 112። የተለወጠው የአሸናፊው ስም ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ቢቮል ይገባው ነበር ያሉ የቦክስ ተንታኞችም ጥቂት አልነበሩም። ጥቅምት ላይ ዳኞቹን ያመሰገነ ሰው የካቲት ላይ ተነስቶ ቢረግማቸው ፍትሕ አይሆንም። ሁለቱም ፍልሚያዎች በፀጉር ስፋት የተለያዩ ነበሩ፤ ቤተርቢየቭ ደግሞ በሁለተኛው 40 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ከዚያ ሌሊት በፊት የነበረውን መንገድ ላላየ ሰው ይህ ሽንፈት ምን ያህል ትልቅ ዜና እንደሆነ አይገባውም። ቤተርቢየቭ ፕሮፌሽናል የሆነው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ በ2013፣ በ28 ዓመቱ፣ ሞንትሪያል ካናዳ ውስጥ። ከዚያ በኋላ ከቢቮል ጋር እስኪገናኝ ድረስ 20 ጊዜ ተፋለመ፤ 20ውንም ያሸነፈው በዝረራ ወይም ዳኛ አስቁሞለት ነው። አንድም ተጋጣሚ እስከ መጨረሻው ደወል ቆሞ አልጠበቀውም። የመጀመሪያ ቀበቶውን፣ የአይ ቢ ኤፍን፣ በ2017 ሲወስድ ጀርመናዊውን ኤንሪኮ ኮሊንግን የጣለው በ12ኛው ዙር፣ ፍልሚያው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ነው። በ2018 ካለም ጆንሰን በሁለተኛው ዙር መሬት ላይ ጥሎታል፤ ተነስቶ በአራተኛው ጨረሰው። በ2019 ፊላደልፊያ ላይ ያልተሸነፈውን ዩክሬናዊ ኦሌክሳንደር ግቮዝዲክን በ10ኛው ዙር አስቁሞ የደብሊው ቢ ሲን ቀበቶ ጨመረ። በ2021 ከማርከስ ብራውን ጋር ሲጋጠም በጭንቅላት ግጭት ግንባሩ ተሰንጥቆ ፊቱ በደም ታጥቦ ነበር፤ በዘጠነኛው ዙር ያሸነፈው ግን እሱ ነው። ጆ ስሚዝን በ2022 ኒውዮርክ ላይ በሁለት ዙር ብቻ አሰናብቶ የደብሊው ቢ ኦን ወሰደ።

በአማተርነቱ ዘመን ታሪኩ እንዲህ የተስተካከለ አልነበረም። በ2009 ሚላን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ኦሎምፒክ ግን እምቢ አለው። በ2008 ቤጂንግ ላይ በአስተናጋጇ አገር ቦክሰኛ በነጥብ ተሸነፈ፤ በ2012 ለንደን ላይ ደግሞ ከሩብ ፍጻሜ ያሰናበተው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ነው፤ ዛሬ የከባድ ሚዛን ስም የሆነው ያው ኡሲክ። አገሩን ለቆ ሞንትሪያል የገባው ከለንደን በኋላ ነው። ሜዳሊያ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ይሄድ ነበር ወይ? እኔ እንጃ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ቤተርቢየቭ የተወለደው እ.ኤ.አ በ1985 በሩሲያ ፌዴሬሽን ደቡብ፣ በዳግስታን፣ ኸሳቭዩርት በምትባል ከተማ ነው። ኸሳቭዩርት ከቼቺኒያ ወሰን አጠገብ ያለች የንግድ ከተማ ናት፤ ኩሙኩም፣ አቫሩም፣ ቼቼኑም የሚኖርባት። የአካባቢው ቼቼኖች የ1944ን ታሪክ ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1944 ስታሊን የቼቼንና የኢንጉሽ ሕዝብን በሙሉ በከብት ማጓጓዣ ባቡር አሳፍሮ ወደ ካዛኽስታንና ኪርጊስታን አጋዘ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው በማንነቱ ብቻ ተነቅሎ ከአገሩ ጠፋ፤ እንዲመለሱ የተፈቀደላቸው በ1957 ነው። የዳግስታኖቹ ቼቼኖች ሲመለሱ መንደራቸው ለሌላ ሕዝብ ተሰጥቶ ጠበቃቸው። አጋጣሚ ሆኖ የሪያዱ ሁለተኛ ፍልሚያ ያለቀው እኩለ ሌሊት ካለፈ፣ ቀኑ ፌብሩዋሪ 23 ከሆነ በኋላ ነው። ቤተርቢየቭ ቀበቶዎቹን ያጣው ሕዝቡ በሚያዝንበት ቀን ነው ማለት ነው።

ልጅ ሳለ ደግሞ የቼቺኒያ ጦርነት መጣ። የመጀመሪያውን ጦርነት ያስቆመው ስምምነት በኦገስት 1996 የተፈረመው እዚያው ኸሳቭዩርት ነው። ቤተርቢየቭ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ ተመለሰ።

ይህን ሳነብ ጋምቤላ ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። እሷም የድንበር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ፣ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት ጀልባዎች ቡና ሲጭኑባት ኖረች፤ ሱዳን በ1956 ነፃ እስክትወጣ ድረስም ጣቢያው በሱዳን አስተዳደር ሥር ነበር። ዛሬም አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ መዠንገሩ፣ ደገኛው በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በክልሉ ካምፖች ደግሞ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞች አሉ። በ1999ኙ ቆጠራ ሙስሊሙ ከክልሉ ሕዝብ ከመቶ አምስት ገደማ ነው። ጋምቤላም ያልሻረ ቁስል አላት፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም የጀመረው ግድያ መቶዎችን ሲቀጥፍ ሺዎች አኙዋኮች በእግራቸው ወደ ፖቻላ ተሰደዋል። ከዚያ ወዲህም የአኙዋክና የኑዌር ግጭት በየጊዜው እያገረሸ ሰው ከቤቱ ያስወጣል።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኸሳቭዩርት ጦርነት አጠገቧ እየነደደም የስፖርት ትምህርት ቤቶቿ አልተዘጉም። ከሶቪየት ዘመን የተረፈ ሥርዓት ነው፤ ሕፃኑ በሰፈሩ አዳራሽ ይጀምራል፣ አሰልጣኙ ደሞዝ አለው፣ ከአዳራሹ ወደ ሪፐብሊኩ ምርጥ፣ ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚወስድ መሰላል አለ። ታላቁ ነፃ ታጋይ ቡቫይሳር ሳይቲየቭ የዚችው ከተማ ልጅ ነው። በ1996፣ በ2004 እና በ2008 ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል፤ ወንድሙ አዳም በመካከል የ2000ውን ጨመረ። ሁለቱም ቼቼኖች ናቸው። ቡቫይሳር እ.ኤ.አ ማርች 2 ቀን 2025፣ በረመዳን መግቢያ፣ በ49 ዓመቱ አረፈ፤ አላህ ይዘንለት።

ሳይቲየቭን ያነሳሁት በሌላም ምክንያት ነው። የዓለም ሙስሊሞች ሊግ፣ በተለምዶ ራቢጣ የምንለው፣ በመካ ያለው የፊቅህ ጉባኤው እ.ኤ.አ በ1987 ባደረገው 10ኛ ስብሰባ ቦክስን ሀራም ብሎ ወስኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጨዋታው አንዱ የሌላውን አካል እንዲጎዳ ይፈቅዳል፤ ጉዳቱም እስከ ዓይነ ስውርነት፣ እስከ አንጎል ጉዳት፣ እስከ ሞት ይደርሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት እንዳይመታ መከልከላቸውም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ጉዳት የማይፈቀድበትን ትግል ግን ጉባኤው አልከለከለም። ስለዚህ ከአንድ ከተማ ከወጡት ሁለት ጀግኖች የአንዱ ሙያ የሚፈቀድ፣ የሌላው የሚያከራክር ብቻ ሳይሆን በዚያ ጉባኤ የተወገዘ ነው። መሐመድ ዓሊን የምንወድ ሰዎች ከ1984 ጀምሮ በፓርኪንሰን እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተናል፤ ሊቃውንቱ የፈሩት ምን እንደሆነ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ግራ የሚያጋባው ውሳኔው ከወጣባት አገር ዛሬ የዓለም ቦክስ ገንዘብ መፍሰሱ ነው። ቱርኪ አል ሼኽ የሚመሩት የሪያድ ወቅት ፌስቲቫል አሜሪካና እንግሊዝ ለዓመታት ማገናኘት ያቃታቸውን ቦክሰኞች እያገናኘ ነው። ያለዚያ ገንዘብ ቤተርቢየቭና ቢቮል ባልተገናኙ ነበር። ለአንድ አገር መንግሥት ገጽታ ግንባታ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ የኡማው ድል አድርገን ልንቆጥረው አይገባም። ቤተርቢየቭ ሰላቱን የማይተው፣ ከሪንግ ውጭ አንገቱን የሚደፋ ሰው መሆኑ ያስከብረዋል። ይህ ግን ቡጢውን ኢባዳ አያደርገውም። «ሙስሊሙ ተሸነፈ» የሚለው የሻይ ቤት ቁጭት ለእኔ የማይዋጥልኝ እዚህ ላይ ነው። ቢቮል ያሸነፈው አንድ ቦክሰኛን ነው።

ወደ ጋምቤላ ልመለስ፤ ምክንያቱም ጋምቤላና ዳግስታን በእውነት የተገናኙበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ በ2017 ክረምት የጋምቤላው ልጅ ጋቶች ፓኖም ከኢትዮጵያ ቡና ለቆ የዳግስታኑን አንዢ ማካችካላ ተቀላቀለ። ከኸሳቭዩርት ማካችካላ በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው። ጋቶች የደረሰው ግን ድግሱ ካለቀ በኋላ ነው። ቢሊየነሩ ሱሌይማን ከሪሞቭ በ2011 ክለቡን ገዝቶ ሳሙኤል ኤቶን ያመጣበት ዘመን አልፎ፣ በ2013 በጀቱ ተቆርጦ፣ ኋላም ክለቡ ተሽጦ ነበር። ጋቶችም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ፤ አንዢ ራሱ በ2022 ከፕሮፌሽናል እግር ኳስ ጠፋ። ጋቶች ከዚያ በኋላ በግብጽ ሊግ ተጫውቷል፤ በ2022 መጀመሪያ ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫም የዋልያዎቹን ማሊያ ለብሷል። ከእሱ በፊት ኡመድ ኡክሪም ከጋምቤላ ተነስቶ ለዓመታት ግብጽ ተጫውቷል።

እነዚህ ልጆች ሁሉ መጀመሪያ አዲስ አበባ መድረስ ነበረባቸው። የኸሳቭዩርቱ ሕፃን ሻምፒዮን የሚሆንበትን የመጀመሪያ ደረጃ እቤቱ አጠገብ ያገኘዋል፤ የጋምቤላው ግን በአውቶቡስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው፣ ያውም አንድ ሰው ካየው። እኔ ጋምቤላ ውስጥ ልጆች የሚሰለጥኑበት የቦክስም ሆነ የትግል አዳራሽ አጋጥሞኝ አያውቅም። ቁመትና ጉልበት ያለው ልጅ ግን በየመንገዱ ነው። መስጂዶቻችን ቁርኣን የሚያስቀሩበት ግቢ አላቸው፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት አንድ ምንጣፍ ዘርግቶ ትግል ማስተማር ምን ያህል ያስወጣል ብዬ ጠይቄ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

ቤተርቢየቭ የማን ነው ለሚለው ቦክሱ መልስ አልሰጠም። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር አራቱ የቦክስ ማኅበራት በሩሲያ ምድር ለሚደረግ ፍልሚያ ዕውቅና ነፈጉ፤ እሱ ግን ሞንትሪያል ስለሚኖር መንገዱ አልተዘጋም። ሩሲያ ሲያሸንፍ የኔ ትለዋለች፣ ኩቤክ ቀድማ የኔ ብላዋለች፣ ቼቼኑ ማንንም ሳይጠይቅ የኔ ይለዋል። የአገር ሰውነቱን በቡጢ ማስመስከር የነበረበት ሰው አይመስለኝም፤ ሦስቱም የሚሻሙበት ግን ስላሸነፈ ነው። ጋቶች ለብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ «ደቡብ ሱዳናዊ ነው» ያለ አልነበረም፤ ያንኑ ማሊያ ያልለበሰው የሰፈሩ ልጅ ነው መገናኛ አካባቢ መታወቂያ የሚጠየቀው።

ያን ቀን ሻይ ቤት ሒሳቡን የከፈለው የኑዌሩ ልጅ ነው። ሲወጣ ስለ ሦስተኛው ፍልሚያ ይጠይቀኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ የጠየቀኝ ጋቶች አሁን የት እንደሚጫወት ነው።