«ልዩ ምግብ አዝዣለሁ» ማለት «ልጄ ተጠብቋል» ማለት አይደለም



የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስና የበዓል ሰሞን ሲቃረብ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ልጄ 2 ዓመቷ ነው። የወተትና የእንቁላል አለርጂ አለባት። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ልንመጣ ነው። ለአየር መንገዱ ነግሬ ልዩ ምግብ አዝዣለሁ፣ በቂ ነው አይደል?»

አጭሩ መልሴ፦ በቂ አይደለም። ከዚህም አልፌ እላለሁ፦ የምግብ አለርጂ ያለበት ህፃን በረጅም በረራ ላይ መብላት ያለበት እናቱ ወይም አባቱ ከቤት ቋጥረው የያዙትን ብቻ ነው። የአውሮፕላኑ ትሪ ለእናንተ ይሁን። ይሄ ማጋነን የሚመስላችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ እንከራከር።

መጀመሪያ «ልዩ ምግብ» ምን እንደሆነ እንረዳ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ልዩ ምግብ የምትፈልጉ ከሆነ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት፣ አንዳንዶቹም ከ48 ሰዓት በፊት እንድታሳውቁ ይጠይቃሉ። ዝርዝሩ ላይ የህፃን ምግብ፣ የልጅ ምግብ፣ ከግሉተን ነፃ፣ ላክቶስ የቀነሰ፣ የእንስሳት ተዋፅኦ የሌለው የሚሉ ምርጫዎች አሉ። እነዚህ የምግብ ዓይነቶች ናቸው እንጂ የሐኪም ትዕዛዝ አይደሉም። አየር መንገዶቹ ራሳቸው «ምግባችን ከአለርጂ አምጪ ነገሮች ሙሉ በሙሉ ነፃ ስለመሆኑ ዋስትና አንሰጥም» ብለው በፅሁፍ ያስቀምጣሉ። እነሱ በግልፅ እየነገሩን እኛ ለምን እንዳልሰማን እንሆናለን?

«ላክቶስ የቀነሰ» የሚለውን ብቻ እንይ። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። የላም ወተት አለርጂ ግን የሚመጣው በወተቱ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ላክቶሱ የወጣለት ወተት ፕሮቲኑ እንዳለ ነው፤ አለርጂ ላለበት ልጅ ከተራው ወተት አይለይም። ላክቶስ የማይስማማው ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ግን ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። ሁለቱን ማምታታት የሚያስከፍለው ዋጋ በጣም የተለያየ ነው።

የኛው ሰው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፦ «የፆም ምግብ አዝዤ እገላገላለሁ።» ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ፆም ምግብ ውስጥ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም። ግን የፆም ምግብ የተሰራው ለሃይማኖት ሥርዓት ነው፣ ለአለርጂ አይደለም። ለፆመኛ አንድ ማንኪያ ከሌላ ድስት ቢነካ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ለአለርጂክ ልጅ ግን ያቺ ማንኪያ ናት ችግሩ። በዚያ ላይ የወተቱንና የእንቁላሉን ቦታ የሚተካው ምንድነው? አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ስንዴ። አሜሪካ በህግ በመለያ ላይ እንዲፃፉ የምታስገድዳቸው ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች 9 ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ ቅርፊት ለባሽ የባህር እንስሳት፣ እንደ ካሹና አልሞንድ ያሉ የዛፍ ለውዞች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ እና ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥ። ቁጠሯቸው፤ ከዘጠኙ አምስቱ የፆም ናቸው።

«ለውዝ» ስንልም እንጠንቀቅ። ብዙዎቻችን «ለውዝ» የምንለው ኦቾሎኒን ነው። ለሌላው ሰው ደግሞ ለውዝ ማለት አልሞንድና ካሹ ነው። ኦቾሎኒ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው፤ አልሞንድና ካሹ የዛፍ ፍሬ ናቸው። አንድ ልጅ የአንዱ አለርጂ ኖሮበት የሌላው ላይኖርበት ይችላል። ስለዚህ ለአስተናጋጇም ለአያትም ስትናገሩ «ለውዝ አይበላም» ብላችሁ አትለፉ፤ የትኛው እንደሆነ በስሙ ጥሩት።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከቤት የምንይዘው ምግብ ነው። ምጥን የልጅ ዱቄት ሁላችንም እናውቃለን፤ አጃ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ አንዳንዴም አኩሪ አተር አንድ ላይ ተፈጭቶ በላስቲክ ይታሸጋል። አያት በፍቅር አዘጋጅታ የላከችው ምጥን ላይ መለያ የለም። ወፍጮ ቤቱም ከፊታችሁ የማንን ኦቾሎኒ እንደፈጨ አይነግራችሁም። ሽሮ ውስጥ አብሽ ሊኖር ይችላል፤ አብሽና ግብጦ ደግሞ የኦቾሎኒ አለርጂ ባለባቸው አንዳንድ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ምላሽ ሊያስነሱ ይችላሉ። የተነጠረ ቂቤም «ተነጥሯል» ተብሎ ከወተት ፕሮቲን ነፃ አይሆንም፤ ጥቂት ይቀራል። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ከሱቅ የተገዛ እንጀራ ግን፣ በተለይ ውጭ አገር፣ ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ይችላል።

ታዲያ ምን እንያዝ?

ልጁ ቤት ውስጥ ደጋግሞ በልቶ የተስማማውን፣ የሚያውቀውን። በረራ ላይም ሆነ ከበረራው በፊት ባለው ሳምንት አዲስ ምግብ አይሞከርም፤ ይሄ ድርድር የሌለው ህግ ይሁንላችሁ። በንፁህ ጤፍ ቤት የተጋገረ እንጀራ ድርቆሽ አድርጋችሁ ብትይዙ አይበላሽም፤ በሙቅ ውሃ ይርሳል። ቤት ያጠባችሁት፣ የቆላችሁትና ንፁህ መፍጫ ላይ የፈጫችሁት የአጥሚት ዱቄት በአንድ በአንድ ጊዜ መጠን ቋጥሩ። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ ጥሩ ናቸው። የበሰለ ምግብ ያለ በረዶ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ግን አትስጡት፤ ስለዚህ የበሰለውን በመጀመሪያው ሰዓት፣ ደረቁን በኋላ። ቆሎ፣ ፈንዲሻና ሙሉ ለውዝ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አለርጂ ባይኖርበትም አይሰጥም፤ ያንቃል።

መጠኑን ደግሞ እጥፍ አድርጉት። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ማረፊያውን ጨምሮ ከ15 ሰዓት በላይ ነው፤ በረራ ዘገየ፣ ትራንዚት አመለጠ ማለት ልጁ የሚበላው የሌለበት ሌላ ግማሽ ቀን ማለት ነው። የተራበ ህፃን እያለቀሰ ጎረቤቱ ብስኩት ሲዘረጋ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ወላጅ ያውቀዋል። በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች የህፃን ወተት፣ ፎርሙላና የህፃን ምግብ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ቢሆንም ለጉዞው በሚበቃ መጠን ይፈቀዳል፤ ለፈታሹ ቀድማችሁ ንገሩ እንጂ አትደብቁት። ስታርፉ ደግሞ የተረፈ ምግብ ካለ ለጉምሩክ አሳውቁ።

ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚገዛውስ? ናታሻ ኤድናን ላፐሩዝ የምትባል የ15 ዓመት እንግሊዛዊት በሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ከለንደን ወደ ኒስ ስትበር ታማ ሞታለች። የበላችው ከአውሮፕላን ማረፊያ የተገዛ ሳንድዊች ነበር። ዳቦው ውስጥ ሰሊጥ ነበረበት፤ ማሸጊያው ላይ ግን አልተፃፈም። አባቷ ሁለት የኢፒንፍሪን መርፌ ወግተዋታል፤ አልተረፈችም። በእሷ ስም የሚጠራው የምግብ መለያ ህግ እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 2021 ነው። ይህን የማነሳው ላስፈራራችሁ አይደለም። ማንበብ የምትችል፣ አለርጂዋን የምታውቅ ልጅ ይህ ከገጠማት፣ «ያመኛል» ማለት እንኳ የማይችለው የ2 ዓመት ልጅ ጠባቂው እናንተ ብቻ መሆናችሁን ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ወንበራችሁ። ብዙ ወላጆች የሚፈሩት ሰው ኦቾሎኒ ሲበላ በአየር የሚመጣውን ነው። ትልቁ ስጋት ግን እሱ አይደለም። የአውሮፕላን አየር በማጣሪያ ያልፋል፤ ዋናው አደጋ ከናንተ በፊት የተቀመጠው ሰው ጠረጴዛው፣ የወንበሩ መደገፊያና ስክሪኑ ላይ የተወው ፍርፋሪ ነው። ድክ ድክ የሚል ልጅ ሁሉን ይነካል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ ቀድማችሁ ለመግባት ጠይቁ፣ በእርጥብ ዋይፕስ ሁሉንም ጥረጉ። ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላል እንጂ የምግብ ፕሮቲን አያነሳም፤ እጅ በሳሙና ወይም በዋይፕስ ነው።

ከዚያ ጎረቤት። የኛ ሰው ልጅ ሲያይ ዝም አይልም፤ «እንካ ማሙሽ» ብሎ ከረሜላ ይሰጣል፣ ጉርሻ ይዘረጋል። ይሄ ፍቅር ነው፣ አልወቅሰውም። ችግሩ እኛ የምንጠቀመው ቃል ነው። «ወተት አይስማማውም» ስንል ሰሚው የሚገባው «ትንሽ ሆዱን ያመዋል» ነው። «ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል?» የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ይሉኝታን እዚያው አየር ማረፊያ ጥላችሁ እንዲህ በሉ፦ «እናቴ፣ ይህ ልጅ ወተት ከቀመሰ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። እባክዎ ለኔ ሳይነግሩ ምንም እንዳይሰጡት።» ይህን የሰማ ሰው ከእናንተ በላይ ይጠብቅላችኋል። ለአስተናጋጆቹም እንዲሁ፤ የአለርጂውን ዝርዝር በእንግሊዝኛ በካርድ ፅፋችሁ ስጧቸው።

መድኃኒቱ ደግሞ በእጅ ቦርሳ፣ ከፊታችሁ ባለው ወንበር ስር። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይሆንም፣ ከላይ ያለው መደርደሪያም አይሆንም። ከባድ አለርጂ የሚቆመው በኢፒንፍሪን ነው። የአለርጂ ሽሮፕ ማሳከክን ያቀላል እንጂ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊት አይመልስም። እስክርቢቶ የሚመስለው ራስ በራስ የሚወጋው መርፌ ሁለት ይያዝ፤ መጠኑን በልጁ ክብደት ሐኪማችሁ ይወስን። አገር ቤት ፋርማሲ ገብቶ ማግኘት ስለሚከብድ ከውጭ የምትመጡ ለመመለሻውም ጭምር ይዛችሁ ኑ። ከዚህ የምትነሱ ደግሞ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትመክሩ ትኬት አትቁረጡ። የሐኪም ደብዳቤም ያዙ።

ልጁ እንዲተኛ ብላችሁ የሚያስተኛ የአለርጂ ሽሮፕ የምትሰጡ ካላችሁ ተዉት። ድንገት መፍዘዝና መዝለፍለፍ ህፃን ላይ ከከባድ አለርጂ ምልክቶች አንዱ ነው። በመድኃኒት ያስተኛችሁት ልጅ ላይ እንዴት ትለዩታላችሁ?

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከበላ በደቂቃዎች ውስጥ፣ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይመጣል፦ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የከንፈርና የፊት እብጠት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የድምፅ መጎርነን፣ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ መገርጣት፣ መዝለፍለፍ። ሽፍታና ትውከት አንድ ላይ ከመጡ፣ ወይም ትንፋሹ ከተነካ፣ «ትንሽ እንየው» አይባልም። የጭኑ ውጫዊ ጎን ላይ ውጉት፣ ልብሱ ላይም ይቻላል። አስተናጋጅ ጥሩ። አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ካስታወከው በጎኑ፣ መተንፈስ ካቃተው ቁጭ ይበል። አቁማችሁ ወይም አዝላችሁ ወደ መፀዳጃ አትሩጡ፤ ድንገት ማቆም ልብ ሊያቆም ይችላል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛውን። የአውሮፕላኑ የድንገተኛ ሳጥን ውስጥ ኢፒንፍሪን ሊኖር ይችላል፤ ግን ብዙ ጊዜ በብልቃጥ ነው፣ የሚወጋ ባለሙያም ይፈልጋል። የናንተው ፈጣን ነው። ቢሻለውም ስታርፉ ሐኪም ይየው።

«አለርጂ የፈረንጅ በሽታ ነው» ለሚሉኝ፦ የልጅ ሰውነት ፓስፖርት አይጠይቅም። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ ሽፍታ ስላየ ብቻ ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ በአንዴ የሚከለክል ወላጅ አለ። ያ ልጅ ይቀጭጫል። የደም ምርመራ ብቻውን ፖዘቲቭ መሆኑም አለርጂ አለ ማለት አይደለም፤ ከታሪኩ ጋር ሐኪም ያገናዝበው። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው አብዛኞቹ ልጆች እያደጉ ይተዋቸዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይመርመር።

ምጥን የምታሽጉ፣ እንጀራ የምትሸጡ፣ የበረራ ምግብ የምታዘጋጁ ወገኖችም ስሙኝ፦ ውስጡ ያለውን በአማርኛ፣ በግልፅ ፃፉ። አንድ መስመር ቀለም ነው የሚፈጀው። እስከዚያው ግን ወላጆች፣ የልጃችሁ ምሳ ቋጠሮ ከአየር መንገዱ ትሪ ይበልጣል። አያት የልጅ ልጇን አቅፋ ትስማለች፤ ምን እንደምታጎርሰው ግን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ተነጋገሩ።

ሕፃን ይዞ ሊጓዝ ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተስ በረራ ላይ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ኮሜንት ላይ ፃፉልን፤ ለሌላው ወላጅ ይጠቅማል።

መልካም ጉዞ፣ ጤና ይብዛላችሁ!