ማርሚታ ማስቆረጥ ይቅር



መኪናው እንደ እሽቅድድም መኪና ያጓራ ብሎ ማርሚታ ማስቆረጥ ጀግንነት አይደለም። በደጅ ለሚያልፍ ሰው ጩኸቱ የአፍታ ነው፤ ከሆሳዕና ዳምቦያ እስኪደረስ ጆሮው የሚደነዝዘው ግን ውስጥ የተቀመጠው ነው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት፣ ለ88 ግን 4 ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል። ቴፕ ከፍ ማድረግማ ጩኸት በጩኸት ላይ መጨመር ነው።

የተቆረጠው ማርሚታ ይመለስ፤ ያለቀ የማንጠልጠያ ጎማ ይለወጥ፤ የጭስ ቧንቧው ወለሉን እንዳይነካ ይታይ። ከሁሉ በላይ መጋጠሚያው እንዳያፈስ ይጠበቅ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መስኮት ዘግቶ የተቀመጠን ቤተሰብ ሳያስነቃ ይገድላል። ባለመኪናዎች፣ ሳይውል ሳያድር ጋራዥ አስፈትሹ!