ያለ ደም የሚመገብ ቫምፓየር፦ «ሻምብሎ»ን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

ቫምፓየርን «ደም መጣጭ» ብሎ መተርጎም በአማርኛ የተለመደ ነው። ቃሉ ለብራም ስቶከር «ድራኩላ» (1897) ይበቃ ይሆናል፤ ለሲ. ኤል. ሙር አጭር ልብ ወለድ ለ«ሻምብሎ» ግን አይበቃም። ጉድለቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ ታሪኩን እንዴት ልናነበው እንደሚገባም ይጠቁማል።

«ሻምብሎ» ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1933 «ዊርድ ቴልስ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቱ «ፐልፕ» ከሚባሉት፣ ማለትም ከእንጨት በተሠራ ርካሽ ወረቀት እየታተሙ በአነስተኛ ዋጋ ይሸጡ ከነበሩት አንዱ ነው። ካትሪን ሉሲል ሙር ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ስትሆን፣ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ በአንድ ባንክ ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራ ነበር። ስሟን አሳጥራ የጻፈችው ሴትነቷን ለመደበቅ ነው ሲባል ይሰማል። ራሷ የሰጠችው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ተጨማሪ ገቢ እንዳላት አሠሪዋ ባንክ እንዳያውቅባት ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ማጣት ቀላል ነገር አልነበረም።

የታሪኩ መቼት ማርስ ላይ ያለች ላክዳሮል የተባለች ከተማ ናት። ኖርዝዌስት ስሚዝ የተባለው ሕገ ወጥ የጠፈር ተጓዥ፣ ብዙ ሕዝብ አንዲት ጥምጥም የጠመጠመች ጠይም ሴት ሊገድል ሲያሳድዳት ይደርስና ያስጥላታል። ወደ ማደሪያውም ይወስዳታል። ያቀረበላትን ምግብ አትቀምስም። ሌሊት ጥምጥሟን ስትፈታ ፀጉር መስሎ የነበረው ነገር እንደ ትል የሚላወስ ቀይ ሕያው አካል ሆኖ ይገኛል። በዚያ ተጠቅልላ የምትመገበው የስሚዝን ደም ሳይሆን የሕይወት ኃይሉን ነው፤ እሱም ከጥላቻ የማይለይ ደስታ እየተሰማው ይመነምናል። ወዳጁ ያሮል ደርሶ፣ እንደ ጥንቱ የግሪክ አፈ ታሪክ፣ በመስታወት እያየ ተኩሶ ይገድላታል።

እንግዲህ ጥርስም ደምም ሳይኖር «መብላት» ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ወዲያው የሚመጣልን ቃል «ቡዳ» ነው። እኔም በመጀመሪያው የትርጉም ረቂቄ ላይ ይህንኑ ቃል ጽፌ ነበር፤ ሁለተኛውን ስጽፍ ሰረዝሁት። ቡዳ የልብ ወለድ ፍጡር ስም ብቻ ሆኖ አያውቅም። በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪው፣ በቤተ እስራኤላዊው ላይ የተለጠፈ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያራራቀ ክስ ነው። ክሱ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ስሙ ራሱ ማስረጃ ነው።

ቃሉን ከሰረዝሁ በኋላ የታሪኩን መክፈቻ እንደገና አነበብሁት። ስሚዝ ሕዝቡን ከሴቲቱ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ስሟ ብቻ ነው፤ ሻምብሎ ናት፣ እንዲህ ያሉትን በሕይወት አንተውም ይሉታል። ምን እንዳደረገች የሚናገር የለም። የእኔ ናት ባላቸው ጊዜም ቁጣቸው ወደ መጸየፍ ተለውጦ ይበተናሉ፤ የሚጸየፉትም እሷን ብቻ ሳይሆን ያስጠጋትን ሰውዬ ጭምር ነው። አንባቢ እስከዚህ ድረስ ከስሚዝ ጋር ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን ሴራው ሕዝቡ ትክክል እንደነበረ ያረጋግጣል፤ ተሳዳጇን ያስጠለለው ሰው ሞኝ ሆኖ ይቀራል።

ፌሚኒስታዊ ሂስ የሜዱሳን ምስል፣ የሴትን ኃይልና የወንድን ፍርሃት በታሪኩ ውስጥ ቢያጎላ ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ቅሬታዬ የመጀመሪያው ትዕይንት የታሪኩ መግቢያ በር ብቻ ተደርጎ መታለፉ ነው። እርግጥ በልብ ወለዱ ዓለም ፍጡሯ በእውነት ገዳይ ናት፤ ያሮልም የዘሯን ጥንታዊነት ያስረዳል፤ ታዲያ ሕዝቡ ምን አጠፋ? የሚል ሙግት ሊነሳ ይችላል። የእኔ ጥያቄ ግን ደራሲዋ ይህን ዓለም ስትፈጥር ጩኸቱን ለምን እውነት አደረገችው የሚል ነው። አንድ ታሪክ መንጋውን እውነተኛ ሲያደርግ የሚያስደነግጠው፣ ጩኸቱ በተጨባጭ ሰዎች ላይ ሲጮህ የኖረበትን አገር አንባቢ ነው።

ታሪኩ ግን ለመንጋው ሙሉ ድል አይሰጠውም። በመዝጊያው ያሮል፣ ሌላ እንደሷ ያለች ብታጋጥመው ሳያመነታ እንዲገድላት ስሚዝን ቃል ሲያስገባው፣ ስሚዝ ጸንቶ እሺ ማለት ይሳነዋል፤ እሞክራለሁ ከማለት አያልፍም። አብዛኛው አንባቢ ይህን የሱስ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፤ ጽሑፉም ይደግፈዋል። እኔ በዚያ ማመንታት ውስጥ በመጀመሪያው ቀን በሕዝቡና በሴቲቱ መካከል የቆመውን ሰው ርዝራዥ አያለሁ።

በአሁኑ ረቂቄ «ቫምፓየር»ንም «ሻምብሎ»ንም ሳልተረጉም ትቻቸዋለሁ። ያልወሰንሁት ግሡን ነው። ያሮል ስለ ዘሯ በሚያስረዳበት ቦታ «ይበላሉ» ብል ቡዳ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል፤ ለጊዜው «ይመገባሉ» ብዬዋለሁ።