ጠቢብና ጠይብ

«ዘመኑ የቀለሜ ነው» የሚል አነጋገር ዛሬ በየስብሰባ አዳራሹና በየትምህርት ቤቱ የሽልማት በዓል ላይ ይደመጣል። ከእኩዮቹ ጨዋታ ተለይቶ ከመጽሐፍ ጋር የሚያመሽ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ምሥጢሩ ካልገባው እንቅልፍ የማይወስደው፣ የያዘውን ነገር ከሥሩ ሳያውቅ የማይለቅ ወጣት ትናንት መሳለቂያ ነበር፤ ዛሬ ግን ክብሩን አግኝቷል ይባላል። ለዚህም ማስረጃ ይጠቀሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍና በተዛማጅ ሙያዎች ለማሠልጠን ያለመ አገር አቀፍ ዕቅድ ይፋ ሆኗል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ «ልጅህ ኮምፒዩተር ያውቃል» ሲባል ደስ የማይለው ወላጅ አይገኝም።

ደስታው አይነቀፍም። ነገር ግን የተከበረው ሰውዬው ነውን? ወይስ ከእጁ ይገኛል ተብሎ የሚጠበቀው ገንዘብ? የቀድሞው ስድብና የዛሬው ሙገሳ ጎን ለጎን ሲመረመሩ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ሁለቱም የሚክዱት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ድካም ነው።

ነገሩን ከቃሉ መጀመር ይገባል። በአማርኛ ከአንድ ሥር እንደ በቀሉ የሚቆጠሩ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ «ጠቢብ» ነው፤ ምስጋና ነው። ሌላው «ጠይብ» ነው፤ ስድብ ነው። በአሳቡ የተራቀቀው ጠቢብ ሲሰኝ በእጁ የተራቀቀው ጠይብ ተባለ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ከጃቢ ጠህናን እስከ ወምበርማ፣ የገበሬው ማረሻና ማጭድ ከቀጥቃጩ ወናፍ ሥር ሲወጣ ኖሯል። እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ውኃው የሚቀዳበት እንስራ የሸክላ ሠሪዋ እጅ ሥራ ነው። እንዲህም ሆኖ ማረሻውን የተቀበለ እጅ የሠሪውን ልጅ ለጋብቻ አልተቀበለም። ቀጥቃጩ «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ተባለ፤ ሕፃናት ከዓይኑ ተሸሸጉ። ብረትን በእሳት አለስልሶ ቅርፅ ማስያዝ የዓመታት ልምምድ ውጤት መሆኑን ከመቀበል ይልቅ ሙያውን ለክፉ መንፈስ መስጠት ቀለለ።

ስድቡ በእጅ ሥራ ላይ ብቻ አልቆመም። ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ የዘረዘራቸው ስድቦች ዛሬም ሊጤኑ ይገባል። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈውም ሰው ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ እንደ ነበር ይመሰክራል። የሚጽፍ ሰው ጠንቋይ! እንግዲህ ጠቢቡም ከጠይቡ የተሻለ ዕጣ አልደረሰውም ማለት ነው። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ ሌሊቱን በኩራዝ የሚደክም ሰው የድካሙ ዋጋ ጥርጣሬ ሆነ።

ጎጃም በዚህ ጉዳይ ሁለት ገጽ አለው። የዋሸራና የጎንጅ ምድር የቅኔ ምድር ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። ቅኔ ሊቆጥር ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ሰሙን ከወርቁ እያጋጠመ ይውላል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ተሳስቶ ስንት ጊዜ እንደሚታረም የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው። ይህ ተማሪ በዛሬ የተማሪ ቤት ቋንቋ ቀለሜ ማለት ነው። የቅኔ ቤቱ ለእርሱ ቦታ ነበረው፤ የኔታ ያዳምጡታል፣ ጓደኞቹ ይፎካከሩታል፣ ብቸኝነቱም የሥራው አካል መሆኑ የታወቀ ነው።

ከቅኔ ቤቱ አጥር ውጭ ግን ፍርዱ ሌላ ነው። «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይባላል። አብሾ አእምሮን ይስላል ተብሎ የሚጠጣ፣ መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ የሚያሳብድ ዕፅ ነው። የዐሥር ዓመት ትዕግሥት በአንድ ቃል ለዕፅ ተሰጠ! በዚህም ላይ የታሪክ ምፀት አለ። በመንደሩ ቀጥቃጩን ቡዳ የሚለው ጎጃሜ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሌላው አገር ሲሄድ «ጎጃሜ ቡዳ ነው» የሚለው ሐሜት ይቀበለው ነበር። የሰፈረበት ቁና ያው የሰፈረው ቁና ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ሰው ለዘለዓለም ቀርጸውታል። ካሣ የተማረ ነው፤ የሚያስብ ነው፤ ሌላው እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተቀበለውን ልማድ ይጠይቃል። ስለዚህም «ጉዱ» ተባለ። «ጉዱ» የሚለው ቅጽል የሰውዬው ጠባይ መግለጫ ሳይሆን የማኅበረሰቡ ፍርድ ነው። ዛሬ አንባቢ ሁሉ ጉዱ ካሣን ይወዳል። በመጽሐፍ ውስጥ መውደድ ግን ቀላል ነው። ጉዱ ካሣ በፍኖተ ሰላም በአንድ ሻይ ቤት ብቻውን ቢቀመጥ ወንበር ስቦ የሚጠጋው ማን ነው?

ጥያቄው በቅድሚያ የሚመለከተው የኪነ ጥበብ ሰዎችን ነው። በመድረክና በቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማዎች ላይ የሚያነብ ወጣት በአብዛኛው እንዴት ሆኖ ይቀርባል? ወፍራም መነጽር ይደረግለታል፣ ሸሚዙ ይጣመማል፣ ከሴት ፊት ሲቆም ይንተባተባል፣ ኪሱም ይበረበራል። አታላዩ ደግሞ «አራዳ» ሆኖ ጭብጨባ ይቀበላል። ይህ ሳቅ ርካሽ ሳቅ ነው፤ ከዚያም በላይ የቤት ክህደት ነው። የአማርኛን ቲያትር በእግሩ ካቆሙት አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት የተነሡ ሊቅ ነበሩ። መድረኩን ያቀናው ቀለሜ በመድረኩ ላይ መሣቂያ ሲደረግ ባለሙያው ዝም ሊል አይገባውም።

የሳቁ ዋጋ በመድረኩ ላይ አያበቃም። የመምህርና የመጻሕፍት እጥረት የትምህርቱን ውድቀት ካስከተሉት ምክንያቶች ዋነኞቹ መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ኩረጃ ብልጠት፣ ጥናት ደግሞ ፋራነት ሆኖ የተቆጠረባቸው ዓመታት አሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2። በክፍል ውስጥ ሲሾፍበት የኖረው ልጅ፣ መልሱን ለመቅዳት ብቻ የሚፈለገው ልጅ፣ በዚያ ቀን ለብቻው ቆመ። ያሾፉበትም ለብቻቸው ቆሙ።

የሴት ልጅ ነገር ሲነሣ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። ወንዱ ቢያንስ «ነገ ሰው ይሆናል» ይባልለታል፤ ለእርስዋ ግን «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚል ተረት ተቀምጦላታል። ተረቱ ሴትዮዋ መጽሐፉን እንድታነብ ማን አስተምሯት ያውቅ እንደ ነበር አይጠይቅም። በገጠር እንጨት ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ፣ በማታ የሒሳብ ደብተርዋን የምትገልጥ ልጅ ትዳር እንደሚያመልጣት እየተነገራት ነው የምታነበው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ነውር አይደለም። በእንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠው «ጊክ» የሚል ስም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ተዘዋዋሪ ትርኢቶች ላይ የዶሮ አንገት በጥርሱ እየነከሰ ለሚያሳይ ምስኪን የተሰጠ ነበር። ኋላ በትምህርት የተጠመደው ወጣት ተሰደበበት። የኮምፒዩተር ኩባንያዎች በሀብት ሲመጥቁ ግን ስድቡ የኩራት መጠሪያ ሆነ። እዚያም ስሙን ያጠበው በአብዛኛው ገንዘብ ነው። ገንዘብ ያጠበውን ስም ድህነት መልሶ ያቆሽሸዋል። ሀብት ያላስገኘው ቀለሜ፣ በመንገድ ዳር በአንዲት ጠባብ ቤት ሞባይል የሚጠግነው ወጣት፣ የከዋክብትን አካሄድ ለማወቅ ብቻ የሚያነበው የገጠር መምህር በየትኛው ሚዛን ይመዘናሉ?

ጉዳዩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ቡሬ ዛሬ በበርበሬዋና በበቆሎዋ ብቻ የምትታወቅ ከተማ አይደለችም፤ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተተክሎባታል። ማሽን በንግግር አይጠገንም። ሆዱን ከፍቶ፣ እጁን በቅባት አቅልሞ «ለምን ቆመ?» ብሎ የሚያድር ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ በልጅነቱ የቤቱን ሬዲዮ ሲፈታ የተገረፈው ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ሕፃናትን ከገበታ አርቋል። ደወሉ ሳይደወል፣ ፈተና ሳይጠብቀው፣ የታላቅ ወንድሙን አሮጌ መጽሐፍ ገልጦ የሚቀመጥ ልጅ በእንዲህ ያለ ጊዜ የዕውቀትን እሳት በዓመድ ውስጥ ያቆየ ሰው ነው። እርሱን «አብሾ ጠጥቶ ነው» ማለት እሳቱ ላይ ውኃ መቸለስ ነው።

እንግዲህ ለመምህሩ የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት አመጣህ?» ከማለት በፊት «እንዴት ደረስክበት?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ካድሬው በሽልማት ቀን የሚያሰማውን ሙገሳ ቀንሶ የተቆለፈውን ቤተ መጻሕፍትና በአቧራ የተሸፈነውን ቤተ ሙከራ ያስከፍት። ጸሐፌ ተውኔቱ የሚያነበውን ሰው ሳያንቋሽሽም ሳያመልክም፣ ሲሳሳት፣ ሲፈርስበትና ዳግም ሲጀምር ያሳይ፤ ድራማው ያለው እዚያ ነውና።

ስድብን አዋጅ ብቻውን እንደማያጠፋው ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ዘመን አስተምሯል። ሙገሳም ብቻውን አያጠፋውም። የተለያዩት ሁለቱ ቃላት እንደገና የሚገናኙት ማረሻውን የሚቀበለው እጅ የቀጥቃጩን እጅ ሲጨብጥ፣ የቅኔውን ወርቅ የሚያደንቀው ጆሮ ተማሪው ከዛፍ ሥር የዋለበትን ቀን ሲያስብ ነው። ያን ዕለት ጠይብም ጠቢብ ይሆናል።