ስለ ምስጢር መጠበቅና ስለ መካድ

ልጆች ማታ ማታ ተሰብስበው እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ ያልሰማ ሰው ከአንባቢዎቻችን መካከል ይገኛል ብለን አናስብም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። ፍቺው የጠፋበት እንደ ሆነ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር ጥቂት ከተመካ በኋላ ፍቺውን ይነግረዋል። ተጠያቂው ፍቺውን ያገኘው እንደ ሆነ ግን፣ ጠያቂው ወዲያው «አወቅኸው» ማለት ግዴታው ነው። ጨዋታው የቆመው በዚህ ሕግ ላይ ነው። ጠያቂው ነገሩን መሰወር ተፈቅዶለታል፤ የተገኘውን መልስ መካድ ግን አልተፈቀደለትም።

ይህን ያሳሰበን በቤታችን ያሉት ወጣቶች ሰሞኑን ስለ አንድ ፊልም ያደረጉት ክርክር ነው። በዛሬ ጊዜ ፊልም ሠሪዎች አዲሱን ሥራቸውን ከማውጣታቸው ከብዙ ወራት በፊት ትሬለር የሚባል ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ማስታወቂያ ያሳያሉ። በዚሁ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የባለታሪኩን ጠላት ፊቱንና ድምፁን ብቻ ገልጠው ማንነቱን ይሰውራሉ። ተመልካቾችም ከልብሱ፣ ከአነጋገሩና ከቆመበት ስፍራ ምልክት እየለቀሙ ማን እንደ ሆነ ይገምታሉ። እኛም የወጣቶቹን ክርክር ካዳመጥን በኋላ ከዚህ ቀደም የሆነውን አንድ ነገር አጫወትናቸው፤ ለአንባቢዎቻችንም ይጠቅማል ብለን እነሆ ጻፍነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር በ1966 ስታር ትሬክ የሚባል የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ ተጀመረ። ነገሩም ኢንተርፕራይዝ በተባለች የጠፈር መርከብ በከዋክብት መካከል ስለሚጓዙ ሰዎች ነው። በ1967 ከወጡት ክፍሎች በአንዱ ካን የሚባል ሰው ታየ። ካን በሳይንስ ጥበብ ከሌላው ሰው ይልቅ ብርቱና ብልህ ሆኖ የተገኘ፣ በምድር ላይ ብዙ ሕዝብ የገዛ፣ በኋላም ከተከታዮቹ ጋር በመርከብ ውስጥ ረዥም ዘመን ያንቀላፋ ሰው ነው። የኢንተርፕራይዝ አዛዥ ኪርክ አሸንፎ ወደ ሩቅ ዓለም አጋዘው። በ1982 በወጣው ፊልም ካን ቂሙን ሊወጣ ተመለሰ፤ የኪርክ ባልንጀራ ስፖክም መርከቢቱን ለማዳን ሲል ሞተ። በሁለቱም ጊዜ ካንን ሆኖ የተጫወተው ሪካርዶ ሞንታልባን ነው። ስለዚህ የታሪኩ ወዳጆች ዘንድ ከጠላቶች ሁሉ የካንን ያህል ስሙ የገነነ የለም።

ጄ. ጄ. ኤብራምስ የተባለው አዘጋጅ በ2009 ይህንኑ ታሪክ በአዳዲስ ተዋንያን ከመጀመሪያው አንሥቶ ሠራው። ተከታዩ ፊልም የሚወጣው በ2013 ስለ ነበረ፣ ማስታወቂያው በታኅሣሥ 2012 ታየ። በእርሱም ቤኔዲክት ካምበርባች የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ በቀል የሚሻ ሰው ሆኖ በሚያስፈራ ድምፅ ይናገራል፤ ማንነቱ ግን አልተገለጠም። ካን ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ በ1966 የታየው ጌሪ ሚቸል ነው የሚሉም አልታጡም። በጃፓን አገር በታየው ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሰከንዶች ተጨምረው ነበር፤ በመስተዋት ወዲህና ወዲያ የተነጣጠሉ ሁለት እጆች ይታዩ ነበርና፣ ይህ የስፖክን አሟሟት የሚያስታውስ ስለ ሆነ ካን ነው የሚሉት ግምታቸው ጸና።

ፊልም ሠሪዎቹ ግን ይህን ግምት አልተቀበሉም። ከተዋንያኑ አንዱ ሳይመን ፔግ በዚያው በ2012 ካን አይደለም ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ኩባንያውም ከፊልሙ የተወሰደ ሥዕል ሲያወጣ የሰውየው ስም ጆን ሃሪሰን ነው ብሎ ከግርጌው ጻፈ። በግንቦት 2013 ፊልሙ ወጣ። ታሪኩም ገና እኩሌታው ላይ ሳለ ጆን ሃሪሰን የተባለው ሰው እውነተኛ ስሜ ካን ነው ብሎ ተናገረ።

እንግዲህ ይህ መሰወር ማንን ጠቀመ? አስቀድሞ የገመተው ሰው አልተደነቀም፤ አወቅኸው የሚለውም አላገኘ። የቀድሞውን ታሪክ የማያውቀው ሰው ደግሞ ካን የሚለው ስም ለጆሮው እንግዳ ስለ ሆነ ምኑም አልሆነም። በፊልሙ ውስጥ ያለው ኪርክ እንኳ ይህን ስም ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ኤብራምስም በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ማንነቱን ከመጀመሪያው መናገር ይሻል እንደ ነበረ አመነ፤ የተሰወረውም አዲስ ተመልካች የቀድሞውን ሁሉ ማወቅ ያስፈልገኛል ብሎ እንዳይሸሽ ኩባንያው ስለ ሠጋ መሆኑን ገለጸ። ፊልሙ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ በገንዘብ ረገድ ጉዳት አላገኘውም። ነገር ግን በነሐሴ 2013 በላስ ቬጋስ ከተማ የተሰበሰቡ የታሪኩ ወዳጆች የስታር ትሬክን ፊልሞች በደረጃ ሲያስቀምጡ ይህን የሁሉ መጨረሻ አደረጉት። ለዚህ ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ የተካደ ሰው ፍርዱ እንደሚከብድ የታወቀ ነው።

ምስጢር መጠበቅ በራሱ ነውር አይደለም። በ1980 በወጣው የስታር ዎርስ ሁለተኛ ፊልም ዳርዝ ቬደር የሉክ አባት መሆኑን ከሠሪዎቹ የሚያውቁት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ተመልካቹ ሳያስበው በሰማ ጊዜ ተደነቀ፤ እስከ ዛሬም በደስታ ያነሣዋል። 

ይህን ተናግረን ስንጨርስ ከወጣቶቹ ታናሺቱ፣ «እንግዲህ የአሁኖቹ ፊልም ሠሪዎች፣ አይደለም ቢሉን እንመናቸውን?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልስላት አጣን። አንድ ጊዜ የካደ ሰው የሚከስረው ይህንኑ ነው፤ በኋላ እውነቱን ቢናገርም ቃሉ ይመረመራል።

በዚያ ሌሊት ስናስበው ነገሩ ከፊልም አልፎ ወደ ቤታችን ገባብን። ከዘመዶቻችን በአንዱ ቤት አያት ሞተው፣ መርዶው እስኪነገር ድረስ ለልጆቹ ተሰውሮ ነበር። የስምንት ዓመቱ ልጅ የእናቱን ዐይን አይቶ፣ «እማማ ሞቱ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «ደኅና ናቸው፤ ጠበል ሄደዋል» አሉት። በሦስተኛው ቀን እውነቱን ሰማ። ዘመዳችን እንደ ነገረን ልጁ ያን ቀን ብዙ አላለቀሰም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አባቱ ሲታመም «እንዴት ነው?» ብሎ እናቱን መጠየቅ ትቶ፣ ከበር ኋላ ቆሞ ማዳመጥ ጀመረ።

ስለዚህ የቤት አባቶችና እመቤቶች ሆይ፣ ልጅ ሊነገረው የማይገባውን ነገር ገምቶ በጠየቀ ጊዜ «ጊዜው ሲደርስ እኔው ራሴ እነግርሃለሁ» ማለት ይበቃል። ይህ ቃል ምስጢሩን ይጠብቃል፤ እምነቱንም አያፈርስም። የተናገሩትም ጊዜ ሲደርስ ሳይዘገዩ መንገር ያስፈልጋል። ልጁ ያን ጊዜ ቢያዝንም እንኳ፣ ነገ ሌላ ነገር ቢያስጨንቀው የሚጠይቀው እኛኑ ነው።