«ስዊቲ» ስንት ደቂቃ ያስከፍላል?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ያለው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው። ከሚያጥቧቸውና ከሚያለብሷቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ችግር አለባቸው። እዚያ ከሚሠሩ ዘመዶቼ የምሰማው ሮሮ አንድ ነው፦ «ጠዋት ልናጥባቸው ስንል ይጮሃሉ፣ ይማታሉ፤ ሰዓታችን እዚያው ያልቃል።»

በሽታው ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲዋ ክርስቲን ዊሊያምስና ባልደረቦቿ ግን ሥራውን በቪዲዮ ቀርጸው አነጋገሩን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ሠራተኛው እንደ ሕፃን ሲያናግራቸው («ስዊቲ»፣ «እንታጠባለን አይደል?»፣ ድምፅን ቅጥን ማድረግ) ነዋሪዎቹ እምቢ የማለት ዕድላቸው 55 በመቶ፣ እንደ አዋቂ ሲያናግራቸው 26 በመቶ ነበር። ናሙናው 20 ነዋሪ ብቻ ነው። በኋላ በ13 ነርሲንግ ሆሞች የተሞከረው፣ ሦስት የአንድ አንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜ ያለው ሥልጠና ግን አነጋገሩንም እምቢታውንም ቀንሷል።

እኛ ጋ ሲደርስ ነገሩ ይጠማዘዛል። አማርኛ «እርስዎ» አለው፤ የማያውቁትን አዛውንት «እማማ» ማለትም ከበሬታ ነው። የእንግሊዝኛው «ዩ» ለሕፃንም ለሽማግሌም ያው ነው። አክብሮቷን የምታስቀምጥበት ያጣች ሠራተኛ «ማማ» ትላለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ክፍል ውስጥ «ሚስስ እገሊት» ስትባል የኖረች መምህርት ደግሞ የምትሰማው ሌላ ነው። ማን እንደሆነች ለመግለጽ ቃሉ ስለጠፋት በእጇ ትመልሳለች።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ሒሳብ ያምረዋል። የፌዴራል ሕጉ ለረዳት ነርስ የሚያዘው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው። ሦስቱ ሰዓት የዚያ 4 በመቶ ነው። ታዲያ ለምን በየቦታው አይሰጥም? የሥልጠናው ወጪ ደረሰኝ ላይ ይታያል፤ በግብግብ የሚባክነው ደቂቃ ግን የትም አይመዘገብም፣ ከሠራተኛዋ ወገብና ከአረጋዊቷ ክብር ላይ ይቀነሳል እንጂ።

ሥልጠና ግን የሰው እጥረትን አይሸፍንም፤ አሠሪዎች እንዲህ እንዳያደርጉት እሰጋለሁ። በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ለአንድ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 የእንክብካቤ ሰዓት ይጠይቅ ነበር፤ የነርሲንግ ሆም ባለቤቶች ማኅበር ከሶ በ2025 የቴክሳስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። የሚቀጥለው ሰው እየጠበቃት የምትሮጥ ልጅን «ረጋ ብለሽ አናግሪያቸው» ማለት ቀልድ ነው።

እስከዚያው ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ነዋሪ ሲገባ ቤተሰቡን «በምን ስም ነው መጠራት የሚወዱት?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ለሌሊቱም ፈረቃ በሚታይ ቦታ መጻፍ።